ለልጄ፦ ስለ ጋንዳም፣ ስለ አሙሮና ስለ እናቱ

ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? ብርዱስ እንዴት እያደረገህ ነው? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እህትህም ሰላም ብላሃለች።

አንተ የምትወደውን የጃፓን የሮቦት ካርቱን፣ ጋንዳምን፣ ጨረስኩት። 43ቱንም ክፍል። እህትህ በፍላሽ ገልብጣ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካችልኝ፤ እኔም ማታ ማታ ሥራ ሳበቃ አንድም ሁለትም እያልኩ ዘለቅኩት። ሰብታይትሉ ሲፈጥንብኝ እሷ ታቆምልኛለች። በደወልክ ቁጥር «እንዴት ነው? ወደድሽው?» ስትለኝ «ጥሩ ነው» እያልኩ ሳልፍህ ከረምኩ። በስልክ የሚያልቅ ወሬ አልሆነልኝማ። አሁን ቡናዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ረጋ ብለህ አንብበኝ።

ወድጄዋለሁ። ተናድጄበታለሁም። አንዳንዱን ክፍል አይቼ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፤ አንዳንዱን ደግሞ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው ያየሁት።

መጀመሪያ የያዘኝ ሮቦቱ እንዳይመስልህ። ምግቡ ነው። ዋናው ልጅ አሙሮ በውስጥ ልብሱ ተቀምጦ ኮምፒውተር ይፈታታል። ውጭ የሽሽት ሳይረን ይጮኻል፤ እሱ ጆሮ የለውም። ጎረቤቱ ፍራው ቦው ገብታ ስታይ ምግቡ እንደተቀመጠ ነው። ተቆጣችው። እህትህን ዞር ብዬ አየኋትና ሁለታችንም ሳቅን። ማን ትዝ እንዳለን አልነግርህም።

ሳቃችን ብዙ አልቆየም። ዛኩ የሚባሉት አንድ ዓይን ያላቸው አረንጓዴ የጠላት ሮቦቶች መጥተው ከተማዋን አተራመሷት። የፍራው ቦው እናትና አያቷ ዓይኗ እያየ በፍንዳታ አለቁ። ልጅቷ ደርቃ ቀረች። አሙሮ ሩጪ ብሎ ሸኛትና የተጋደመው ነጭ ሮቦት ላይ ወጣ። መመሪያውን እያነበበ እኮ ነው የሚነዳው! 15 ዓመቱ ነው። እኛ አገር መንጃ ፈቃድ እንኳ አይሰጠውም።

ትንሽ ቀደም ብሎ አባቱን አግኝቶት ነበር። ቴም ሬይ ሮቦቱን የሠራው መሐንዲስ ነው። ሕዝቡ ይሸሻል፤ እሱ ዕቃውን ወደ ጠፈር መርከቧ ለማስገባት ይጣደፋል። ልጁ «ከሰው ይልቅ ሮቦቱ ይበልጥብሃል?» አለው። ይቺን ጥያቄ ያዝልኝ።

እህትህ ስለ አሠራሩ ያነበበችውን እየነገረችኝ ነው ያየሁት፤ ዝም ብላ ማየት መቼ ትችላለች። ጃፓን ውስጥ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1979 ነው፤ በእኛ 1971 መጋቢት ማለቂያ ላይ። እኔ ያኔ ፊደል እቆጥር ነበር። ዳይሬክተሩ ዮሺዩኪ ቶሚኖ የተወለደው በ1941 ነው፤ አገሩ ጦርነቱን ስትሸነፍ አራት ዓመት አልሞላውም። ከሱ በፊት የነበሩት የሮቦት ካርቱኖች በብዛት ሌላ ዓይነት ነበሩ አለችኝ። ክፉዎቹ ከሌላ ዓለም ይመጣሉ፣ ጀግናው የመሣሪያውን ስም እየጠራ ያጋያቸዋል፣ በሳምንቱ ሌላ ይመጣል። ጋንዳም ላይ ጠላትም ሰው ነው። ዚዮኖች ጠፈር ላይ ተወልደው ያደጉ ሰዎች ናቸው፤ ምድር ካለው ፌዴሬሽን ተገንጥለው መግዛት ፈለጉ። ሮቦቱም ተአምር የለውም። ጥይት ያልቅበታል፣ ይበላሻል፣ መካኒክ ይፈልጋል። ይሄን ወደድኩለት። ነገሩ ሁሉ ዕቃ ዕቃ ይሸታል።

ያኔ ግን የሚያየው አነሰ። ከጀርባው የነበረው የመጫወቻ ኩባንያም እንዳሰበው አልሸጠም። 52 ክፍል የታቀደለት 43 ላይ ተቆረጠና እ.ኤ.አ. በጥር 1980 አለቀ። ዝና የመጣለት ከዚያ ወዲህ ነው። ሲደገም ሰው ተከተለው። ባንዳይ በ1980 ተገጣጣሚ ሞዴሉን በ300 የን መሸጥ ጀመረ። ታሪኩ በ1981 እና በ1982 በሦስት ፊልም ተጠቃሎ ሲኒማ ገባ። ዛሬማ በቁመቱ ልክ ሠርተው አደባባይ እስከማቆም ደርሰዋል። ያንተዋ ሞዴል መደርደሪያህ ላይ እንዳለች ናት፤ አቧራዋን እጠርግላታለሁ። ክንዷ ወልቆ እህትህ መለሰችው። ግራና ቀኙን አቀያይራ እንደሆነ እኔ የማውቀው የለም፤ ስትመጣ ተነጋገሩ።

መቆረጡ ያስታውቃል። መጨረሻ ላይ ነገሩ ሁሉ ይሮጣል። ገጸ ባሕርያቱን የሚሥለው ዮሺካዙ ያሱሂኮም ማለቂያው ሲደርስ ታሞ ሆስፒታል ገብቶ ነበር፤ ያ ደግሞ ሥዕሉ ላይ ይታያል። ባንዱ ክፍል ያየሁት ልጅ በሚቀጥለው የአክስቱን ልጅ መስሎ ይመጣል።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ። አንደኛው ዘፈኑ ነው። ጡሩምባው ይነፋል፤ ተነሥ፣ ጠላትህን ምታ የሚል ዓይነት የሚያሟሙቅ ዘፈን ይዘፈናል። ዘፈኑ እንዳበቃ ተራኪው ረጋ ባለ ድምፅ ይነግርሃል፦ ጦርነቱ ከተጀመረ በአንድ ወር ከምናምን ውስጥ ሁለቱ ወገኖች የሰውን ልጅ ግማሹን ጨረሱት፤ ሰዎች በገዛ ሥራቸው ደነገጡ። ግማሹን! ይሄን ብሎ ወደ ታሪኩ ያልፋል። በሚቀጥለው ማታ ያው ጡሩምባ። እንዴት ነው ሁለቱን ባንድ አፍ የሚሉት?

ነጩ ሮቦት ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ የተቀባው ለመጫወቻ እንዲያምር ተብሎ ነው። ጦርነት ክፉ ነው ይለኛል፤ መሣሪያውን ደግሞ እንደ ሙሽራ አስጊጦ ያቀርብልኛል። የባሰው ምን መሰለህ? እኔም ተይዣለሁ። ያ 18 ሜትር ነገር ከመሬት ብድግ ሲል ልቤ አብሮ ብድግ ይላል። በዚህ ዕድሜዬ! አንድ ማታ «በለው!» ብዬ ጮኼ እህትህ ከመኝታ ቤት ሮጣ መጣች። ተናደድኩ ያልኩህ ለዚህ ነው። ባይማርከኝ ኖሮ ሪሞቱን አንሥቼ ወደ ዜና እለውጠው ነበር።

መርከቧን የሚያዘውን ብራይትን ልንገርህ። ያ ጥፊ። አሙሮ ደክሞታል፣ ፈርቷል፣ አልወጣም አለ። ብራይት በጥፊ መታው። ደገመው። «ሁለቴ መታኸኝ! አባቴ እንኳ መቶኝ አያውቅም!» አለ ልጁ። ብራይትም ሳይመታ ሰው የሆነ የት አለ ብሎ መለሰለት። ይሄን አባባል በጃፓንኛ እሰማለሁ ብዬ አላሰብኩም። የኛ አስተማሪዎች አለንጋ ይዘው ስንቴ ብለውናል። ልጁ የሚያስፈልገው እኮ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ነበር። ሰው ገድሏል፣ አባቱን ያጣ መስሎታል፣ በመጣ ቁጥር «ውጣ፣ ተዋጋ» ነው። ደግሞ ጥፊ!

ብራይትንም ግን መጥላት አቃተኝ። እሱም እኮ 19 ዓመቱ ነው። አዛዡ ሞቶበት፣ መርከብ ሙሉ ስደተኛ ትከሻው ላይ ወድቆበታል። ፊልሙ ላይ በጣም ጎበዝ ሆኖ ያገኘሁት ይሄን ነው፤ ሁሉም የበላዩን ሥራ ነው የሚሠራው። ልጆቹ የወታደሩን፣ ወጣቱ የአዛዡን፣ ፍራው ቦው ደግሞ የእናትን። እናቷን ባጣች ማግስት ሦስት ወላጅ አልባ ሕፃናት ሰብስባ ታሳድጋለች። ታበላለች፣ ታጥባለች፣ አሙሮን ትለምናለች፣ ታባብላለች። ስንት ሰው አመሰገናት? ቁጠርና ንገረኝ።

ሚሃሩም አለችልህ። አንተ ስለሷ አንድም ቀን አንሥተህብኝ አታውቅም፤ ምናልባት የሷ ክፍል ላይ ሮቦቱ ስለማይበዛ ይሆናል። ቤልፋስት ወደብ ላይ የምትኖር ልጅ ናት። ወላጆቿ የሉም። ጂልና ሚሊ የሚባሉ ታናናሾቿን ታሳድጋለች። ለወታደሮች ትንንሽ ዕቃ ትሸጣለች፤ በጎን ለዚዮን ትሰልላለች። ሆዷ እንጂ ልቧ ፖለቲካ ውስጥ የለም። ከአሙሮ ጋር የሚዋጋው ካይ ከመርከቧ ኮብልሎ እቤቷ አደረ። ሰላይ መሆኗ ገብቶታል። አላሳጣትም፤ አውቆ የምትሸጠው ወሬ ሰጥቷት ወጣ። አየህ፣ ያ አፈኛ፣ ሁሉን የሚያሽሟጥጥ ልጅ!

በኋላ ሚሃሩ ራሷ መርከቧ ውስጥ ሰርጋ ገባች። እሷ በሰጠችው ወሬ የመጣው ጥቃት እነዚያን ሦስት ሕፃናት ሊጨርሳቸው ሲል በዓይኗ አየች። ከዚያ አላስቻላትም። እኔም ልዋጋ ብላ ካይን ለመነችው። አውሮፕላኑ ውስጥ መተኮሻው ተበላሸ፤ ወርዳ ሚሳይሉን በእጇ አስወነጨፈች። የሚሳይሉ ግፊት ወደ ባሕር ወረወራት። ካይ ዞር ሲል የለችም።

አስቁሜ ውሃ ጠጣሁ። ሰላይ አትሁን እንጂ ሚሃሩ እኛ ሰፈርም አለች። ታች ሱቁ ጋ ድንች የምትቸረችረዋን ታውቃታለህ፤ ሁለቱን ወንድሞቿን አስተምራ አንዱ ዘንድሮ ይመረቃል። እኔ ያን ሌሊት ያሰብኩት ስለ ጦርነቱ አልነበረም። ጂልና ሚሊ ጠዋት ሲነሡ ማን ቁርስ ይሰጣቸዋል እያልኩ ነው የነጋው።

ከጠላት ወገን ደግሞ የዚዮኑ ሽማግሌ ገዢ፣ ዴግዊን። ትንሹ ልጁ ጋርማ መሞቱ ሲነገረው በትሩ ከእጁ ወደቀ። ድምፅ የለም፣ ጩኸት የለም፤ በትሩ ብቻ። ሽማግሌው በቤተሰብ ብቻ ጸጥ ያለ ቀብር ነበር የፈለገው። ትልቁ ልጁ ጊረን ግን ሕዝቡን ጠርቶ የወንድሙን ልቅሶ የቅስቀሳ መድረክ አደረገው። ያ ሁሉ ሕዝብ እየጮኸ ሳለ አባትየው ጎን ላይ ኩርምት ብሎ ተቀምጧል። ክፉ ሰው ነው፣ ስንቱን አስፈጅቷል፤ ይሄ አይጠፋኝም። ግን ልቅሶው ላይ እንኳ ልጁን ቀሙት። ለቀስተኛ ሰብስቦ ፖለቲካ የሚያወራ ሰው አይተን ስለምናውቅ ነው መሰለኝ ከእህትህ ጋር እኩል «ኤዲያ!» አልን።

እንግዲህ ወደ ተጣላንበት ነገር ልምጣ። የአሙሮ እናት። በስልክ ምን አልከኝ? «እሷን አልወዳትም እማ፤ ልጇን ለጠፈር ሰጥታ ምድር ቀረች፤ በስንት ጊዜው ሲመጣላት ደግሞ አስቀየመችው» አልከኝ። እኔም ሳላየው ምን ልበል፤ ዝም አልኩህ። አሁን አይቼዋለሁ። ቆይ እስኪ።

ክፍል 13 ነው። አሙሮ ሕፃን ሳለ ወደኖረበት መንደር ተመለሰ። ቤቱን ሲከፍት የገዛ ወገኑ የፌዴሬሽን ወታደሮች ሰክረው ተዘርግተውበታል። እናቱ ካማሪያ እዚያ የለችም፤ መጠለያ ካምፕ ውስጥ ተፈናቃይና በሽተኛ ትረዳለች። ተገናኙ፣ ተቃቀፉ። ወዲያው የዚዮን ወታደሮች ለፍተሻ መጡ። ልጁን አልጋ ላይ አስተኝታ በሽተኛ ነው አለች። የያዘው መገናኛ ሬዲዮ ጮኸ። ወታደሩ ብርድ ልብሱን ሊገልጥ ሲጠጋ አሙሮ ከብርድ ልብሱ ሥር ተኮሰ።

እዚያ ላይ ፊቷን ተመልከትልኝ። እንደገና ክፈተውና እይ። እነሱም እኮ ልጆች ይኖሯቸዋል አለችው። ጠመንጃ የምትደግን ሆንክ አለችው። እሱ ደግሞ ጦርነት እኮ ነው፣ ካልተኮስኩ እሞታለሁ ይላል። «እማ፣ አትወጂኝም?» አላት። ልጇን የማይወድ ወላጅ የት አለ አለችው። «ውሸት!» ብሎ ጮኸባት። በመጨረሻ መርከቧ መጣች። ብራይት ሰላምታ ሰጣት፤ ልጅሽ ሁሌም እየረዳን ነው አላት፤ ጥሩ ነገር የነገራት መስሎታል። አሙሮም እንደ ወታደር ቆሞ ለገዛ እናቱ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠ። ደህና ሁኚ ብሎ ሄደ። እሷ መንገዱ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

አሁን ስለ አጎትህ ልንገርህ። ሁሉን አታውቀውም። በእኛ 1980 ዓ.ም. በአፈሳ ተወሰደ። 12ኛ ክፍል ነበር። አያትህ ቀበሌ፣ ጦር ሰፈር፣ ቤተ ክርስቲያን ያልረገጠችው የለም። በ83 ጦሩ ሲበተን በእግሩ መጣ። እልል አለች፣ እግሩን አጠበችው፣ ዶሮ ታረደ። ከዚያ አንድ ሌሊት ድመት ቆርቆሮው ላይ ሮጠች። አጎትህ ከእንቅልፉ ብድግ ብሎ እናቴን በክንዱ ግድግዳው ላይ አጣበቃትና ከፊቷ ቆመ። ሊከላከልላት እኮ ነው። እጁ ግን ጨለማው ውስጥ የሌለ ጠመንጃ ይፈልጋል። እኔ ኩራዙን ስለኩስ እናቴ ዓይን ዓይኑን ታያለች። ጠዋት ጓዳ ጠርታ ምን አለችኝ? «ልጄን ፈራሁት።» ያን ጠዋት ቁርሱን አጉርሳው ነው የወጣችው። እስከ ዕለተ ሞቷ ከሱ የበለጠ የወደደችው ልጅ የለም፤ እኔን ጨምሮ። ፈርታዋለች ግን።

ካማሪያ ላይ ያየሁት ይሄንን ነው። አትወደውም አትበለኝ። የሰደደችው ልጅ ሌላ፣ የመጣላት ልጅ ሌላ። ገና ሕፃን ሳለ የተለየችው ልጅ ተመልሶ አልጋ ላይ ተኝቶ ሰው ይመታል። ምን እንድትል ፈለግክ? «ጎበዝ፣ ዒላማህ ጥሩ ነው» ትበለው? አሙሮም ተሳስቷል አልልም። ባይተኩስ ይይዙት ነበር፤ ይገድሉትም ይሆናል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ቶሚኖ ያን ክፍል ጎበዝ ሆኖ የሠራው ማንም ላይ ስላልፈረደ ነው። የፈረድከው አንተ ነህ።

ለምን ምድር ቀረች ላልከው፣ የጠፈር ኑሮ አልተስማማኝም ብላ ነው። ደካማ ምክንያት ነው፤ እኔ ብሆን ልጄን ተከትዬ እሄድ ነበር። ወይም እሄድ ነበር እላለሁ። አንተ ስትሄድ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኝቼህ አይደል የተመለስኩት?

አሁን ያዝልኝ ያልኩህን ጥያቄ አምጣ። አባቱን እንየው። አሙሮ በኋላ ገለልተኛ በሆነችው የጠፈር መንደር፣ ሳይድ 6፣ አባቱን በሕይወት አገኘው። ኦክስጅን አጥቶ አእምሮው ተጎድቷል። ጓዳ በመሰለች ክፍል ውስጥ ሽቦ ይቀጣጥላል። ጋንዳም ላይ ግጠመው ብሎ አንድ ዕቃ ሰጠው። ጊዜው ያለፈበት ቅራቅንቦ ነው። አሙሮ እናቴን አገኘኋት፣ ስለሷ አይገድህም ወይ አለው። አባትየው ጦርነቱ ሲያልቅ እንሄዳለን ብሎ አለፈውና ቶሎ በል፣ አንተም ወታደር አይደለህ ብሎ አጣደፈው። ልጁ ወጥቶ ዕቃውን መሬት ላይ ወረወረው።

አንተ እዚህ ላይ አለቀስኩ ብለኸኛል። እኔም አለቀስኩ። ግን ልብ ብለሃል? አባትየው ጤነኛም ሆኖ ያው ነበር። የመጀመሪያው ክፍል ላይ ሰው እየሸሸ እሱ ሮቦቱን ነበር የሚያሸሸው። አእምሮው ሲጎዳ የተለወጠ ነገር የለም፤ ትሕትናው ብቻ ነው የሄደው። ለሱ አዘንክለት። ሮቦቱን ሳይሆን ልጁን ያየችው ካማሪያ ግን ክፉ እናት ሆነችብህ። ከሁለቱ «ከሰው ይልቅ ሮቦቱ ይበልጥብሃል?» ቢባል ማን ነው ደንግጦ የሚመልስ? ይሄን መልስልኝ።

በፊልሙም ቅር ይለኛል፤ ለእናትየው አንድ ክፍል ሰጥቶ መንገድ ዳር ጥሏት ሄደ። ለዚዮኑ አዛዥ ለራምባ ራል ስንት ክፍል ሰጠው! አልጠላሁትም፤ ደግ ወታደር ነው። በረሃው ውስጥ ያለው ምግብ ቤትም ግሩም ነው፦ ሚስቱ ሃሞን የራበውን አሙሮን ላብላህ ስትለው፣ እሱ ለማኝ አይደለሁም ብሎ ሲኮራ። የጠላት አዛዥ ሚስት ምግብ አቀረበችለት፤ ብዙም ሳይቆይ ይጋደላሉ። እንዲህ ያለውን ሲያመጣ ኮፍያዬን አነሣለታለሁ፤ ኮፍያ ባይኖረኝም ሻሼን።

«ኒውታይፕ» የሚባለውን ነገር አልፌዋለሁ። ሰው ጠፈር ላይ ሲኖር ልቡ ሰፍቶ ሳይነጋገር ይግባባል፤ እሺ። የዚህ ተአምር የመጀመሪያ ሥራው ግን በደንብ መተኮስ ሆነ። ላላ ሱን የምትባል አሳዛኝ ልጅ ሞተች። የዚዮኑ ተዋጊ ሻር አገኛት፣ አሠለጠናት፣ መሣሪያ ላይ አስቀመጣት፤ እሱን ልታድን ስትገባ በአሙሮ እጅ አለቀች። ሁለት ወንዶች ዕድሜ ልካቸውን እሷን እያነሡ ይነታረካሉ። እህትህ እንዳለችኝ በ1988ቱ ፊልም ላይ ሻር ጭራሽ እናት ልትሆነኝ ትችል ነበር ይላል አሉ። ከት ብዬ ሳቅኩ። ልጅቷን አንድ ሰው «አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብሏት ነበር?

የመጨረሻው ክፍል ግን፣ አይ የመጨረሻው ክፍል! ሮቦቱ ጭንቅላቱ የለም፣ ክንዱ ተቆርጧል። ምሽጉ እየነደደ ነው። አሙሮ ያን ሁሉ የተዘፈነለትን ማሽን ጥሎት ወጣ። እነዚያ ሦስት ሕፃናት ያለበትን አወቁት፤ ወደዚህ፣ ወደዚያ እያሉ መሩት። እሱም ላላን ይቅር በይኝ አላት፤ እኔ ገና የምመለስበት ቦታ አለኝ፣ ከዚህ የበለጠ ደስታ የለም አለ። ጓደኞቹ እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቁታል። ለዚች ስትል 43 ክፍል ማየት ያዋጣል።

ደስ አለኝ። ደስ እያለኝም ከፋኝ። የሚመለስበት ቦታ ሲል እናቱ የለችበትም፣ መንደሩም የለበትም። ልጅ ሲያድግ ሌላ ቤት ያገኛል፤ ደግ ነው፣ እንዲሆንም ነው የምንጸልየው። አንተም እሑድ እሑድ አብራችሁ የምታበስሉትን ልጆች ፎቶ ስትልክልኝ አሳድጌ አየዋለሁ። ማን ቀጭን እንደሆነ፣ ማን እንደሚያስቅህ ከፊታቸው አውቃለሁ። ግን ያን ማታ ካማሪያ የት ነበረች? ጦርነቱ ማለቁን ማን ነገራት? ልጅሽ ተርፏል ያላት አለ? አንዲት ደቂቃ ቢጨምሩላት ምን ነበረበት?

ሻርን ሆን ብዬ አሳልፌዋለሁ። ሁሉም ሰው ይወደዋል ትለኛለች እህትህ። ጭንብሉና ቀይ ልብሱ አምሮበታል፣ አልካድኩም። ደም መላሽ ነው። አባቴን ገደሉብኝ ብሎ እንደ ወንድም የሚያምነውን ጋርማን አታሎ አስገደለው፤ እየሳቀ። በቀል ምን እንደሚያስከትል እኛ ጃፓን ድረስ ሄደን መማር የለብንም። እኔ የምወደው ካይን ነው። ፈሪ ነበር፣ ፈሪነቱን አልደበቀም፣ ሚሃሩን አልረሳም።

በል እንግዲህ መልስህን በጽሑፍ ላክልኝ፤ ስልክ ላይ እየሳቅክ ታመልጠኛለህ። እህትህ የ1985ቱን ተከታይ፣ ዜታ የሚሉትን፣ እያወረድኩ ነው ብላለች። ሻር እዚያም አለ አሉ። ለሱ ብዬ አልጀምረውም። ካይም ብቅ ይላል ካልክ ግን ከፋሲካ በኋላ እንይዘዋለን።

እናትህ